ብርሃኔ ወንድ ነው ሴት?

በ1995 ዓ.ም. ሁለት ብርሃኔዎች የዓለም ዜና ላይ ወጡ። በሰኔ፣ ከአፋር ሄርቶ የተገኙትን 160 ሺህ ዓመት ገደማ ያስቆጠሩ የሰው ራስ ቅሎች ይፋ ካደረጉት ተመራማሪዎች አንዱ ዶክተር ብርሃኔ አስፋው ነበሩ። በነሐሴ ደግሞ ብርሃኔ አደሬ ፓሪስ ላይ በ10 ሺህ ሜትር የዓለም ሻምፒዮን ሆነች። እሳቸው ወንድ፣ እሷ ሴት፤ ስማቸው ግን አንድ!

እንዴት? ብዙ የአማርኛ ስሞች ግሥ ናቸው፤ ግሥ ደግሞ ጾታን ያጋልጣል፦ አበበና አበበች፣ ታደለና ታደለች። ብርሃን፣ ደስታ፣ ፀሐይ ግን የነገር መጠሪያ ስለሆኑ ለሁለቱም ይሆናሉ። «ብርሃኔ» ማለት «የእኔ ብርሃን» ነው፤ «የእኔ» የሚለው ወላጅ ስለሆነ የልጁ ጾታ አይታወቅም።

ሁለተኛው ስምስ? እሱ እኮ አይመረጥም፤ የአባት ስም ነው። አሜሪካ ፎርም ላይ «የመካከል ስም» ሲጠየቅም ብዙ ሐበሻ እዚያ የአባቱን፣ መጨረሻው ላይ የአያቱን ስም ይሞላል። ስለዚህ ለወላጅ የሚቀረው የመጀመሪያውን ስም ከማይቀየረው ጋር ማስማማት ነው። አባትየው ከበደ ከሆነ «ደስታ ከበደ» ደስታው የከበደ ያስመስላል፤ አበበ ከሆነ ግን ወንድም ተወለደ ሴት፣ ደስታ አበበ!

እስቲ የራሳችሁን ስም ከአባታችሁ ስም ጋር ጮክ ብላችሁ አንብቡት። ምን ይላል?