በአንድ ዳገት ላይ ያሉ ሦስት ትምህርት ቤቶች

ልጁን ለማስተማር የሚያስብ ወላጅ የአካባቢውን የመንግሥት ትምህርት ቤቶች እያነጻጸረ፣ የትኛው ብዙ ተማሪ እንዳሳለፈና የትኛው ሥርዓቱ የጸና እንደ ሆነ መጠየቁ የተገባ ነው፤ ከአራት ኪሎ ተነሥቶ በስድስት ኪሎ ወደ እንጦጦ በሚያወጣው ዳገት አካባቢ የተተከሉትን ሦስት ቀደምት ትምህርት ቤቶች ለሚያመዛዝን ሰው ግን፣ ከፈተና ውጤት አስቀድሞ ሊመረመር የሚገባው መምህራኑ ከወዴት እንደ መጡና በምን ውል እንዳስተማሩ ይመስለኛል።

በ1900 ዓ.ም. ገደማ የተከፈተው የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት የሦስቱ በኵር ነው። ንጉሠ ነገሥቱ የውጭ ቋንቋና የዘመኑ ጥበብ ለመንግሥታቸው እንደሚያስፈልግ ቢያምኑም፣ ቤተ ክህነት ግን ከባሕር ማዶ የሚመጣ መምህር ከትምህርቱ ጋር የካቶሊክን ወይም የፕሮቴስታንትን እምነት ይዞ እንዳይገባ ትሰጋ ነበር፤ በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን በሃይማኖት ምክንያት የፈሰሰውን ደም ለሚያስታውስ ሕዝብ ይህ ስጋት ከንቱ አልነበረም። ስለዚህ መምህራኑ ጳጳሱ አቡነ ማቴዎስ ከመጡበት አገር፣ ከግብጽ፣ ተመረጡ፤ በሐና ሳሊብ የሚመሩት ቅብጣውያን ፈረንሳይኛና እንግሊዝኛ የሚያውቁ፣ በሃይማኖት ግን ከእኛ ጋር የአንድ የእስክንድርያ መንበር ልጆች ነበሩ። እንዲህ ያለ ጥበብ የተሞላበት ዕርቅ በታሪካችን ብዙ ጊዜ አልታየም።

ሁለተኛውን አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ መኰንን በገዛ ገንዘባቸው አሠርተው ሚያዝያ 19 ቀን 1917 ዓ.ም. ከፈቱት። የበላይ ጠባቂ ሆነው የተሾሙት፣ በ1860 ዓ.ም. በመቅደላ ሕፃን ሳሉ እንግሊዞች ወስደዋቸው በሕንድ አገር ሕክምና የተማሩት ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ነበሩ፤ ትምህርቱም በአብዛኛው በፈረንሳይኛ ይሰጥ ነበር። አገሪቱ ከኢጣልያ ወረራ ነጻ ከወጣች በኋላ ደግሞ ትምህርት ቤቱ ለካናዳ ኢየሱሳውያን ዐደራ ተሰጠ። ሱስንዮስን ካስካዱት ካህናት ማኅበር የሆኑ ሰዎች እንደ ገና ተጠርተው መምጣታቸው የሚያስደንቅ ነው፤ ነገር ግን የክህነት ልብሳቸውን ትተው እንደ ማንኛውም ሰው በተራ ልብስ ክፍል ይገቡ፣ ሃይማኖታቸውንም አይሰብኩም ነበር። የምኒልክ ትምህርት ቤት መምህሩን በእምነቱ መረጠ፤ የተፈሪ መኰንን ግን የመምህሩን እምነት ከደጅ አስቀርቶ ዕውቀቱን ተቀበለ። ከእነዚሁ ካህናት አንዱ ሉሲየን ማት በኋላ በ1943 ዓ.ም. የተከፈተውን የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በፕሬዚዳንትነት መርተዋል።

ሁለቱ የሚያስተምረው ማን ይሁን በሚለው ነገር ሲጨነቁ፣ ከራስ ተፈሪ የዘውድ በዓል በኋላ ብዙ ሳይቈይ በእቴጌ መነን የተቋቋመው የልጃገረዶች ትምህርት ቤት የሚማረው ማን ይሁን የሚለውን ነገር አነሣ። በእኔ አስተያየት ከሦስቱ የሚበልጠው ድፍረት ይህ ነው፤ በዚያ ዘመን የወግ ሰው ሴት ልጁን ከጓዳ አውጥቶ፣ መዝጊያው ለአዳሪ ተማሪ በሚዘጋ ግቢ ለባዕዳን መምህራን ዐደራ ሲሰጥ፣ ለትዳር በደረሰች ልጁ ምክንያት የዘመድ አዝማዱን ወቀሳ መሸከም ነበረበትና።

ጠላት አዲስ አበባን በያዘ ጊዜ የተፈሪ መኰንንን ትምህርት ቤት ለኢጣልያ ልጆች ብቻ አደረገው፤ የመነንንም ወታደሮች የሚታከሙበት ሆስፒታል አደረገው። ከነጻነት በኋላ ልጃገረዶቹ ተመልሰው ገቡ፤ ከአብዮቱም በኋላ ግቢው በ1929 ዓ.ም. ያለቁትን ሰማዕታት በሚያዘክረው ስም የካቲት 12 ተባለ።