ያልቆጠሩትን መንገር

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ውድ የሰንበት ትምህርት ቤታችን ልጆች፥ የቤት ሥራ ከዘመናዊው ትምህርት ጋር የመጣ ይመስለን ይሆናል። አባቶቻችን ግን በቅኔ ቤት አስቀድመው ያውቁታል። ከጉባኤ ቃና የሚጀምረው ደቀ መዝሙር ከሰው ርቆ፣ ብቻውን ተቀምጦ ቅኔውን ይቆጥራል፤ ኋላም በየኔታ ፊት ይነግራል፤ ይታረማልም። የሌላውን ቅኔ የራስ አስመስሎ ማቅረብ ነውር ነው።

በዐፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ግብረ ገብ በመንግሥት ትምህርት ቤት ይሰጥ ነበር። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት ግን በአንቀጽ 90 ትምህርት ከሃይማኖት ተጽዕኖ ነጻ እንዲሆን ደነገገ። ስለዚህ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪን ስለ ሃይማኖቱ የቤት ሥራ መስጠት የሰንበት ትምህርት ቤት ድርሻ ሆነ።

ለሰቆጣ ልጅ ርእሱ ሩቅ አይደለም፤ ከዐለት የተፈለፈለው ውቅር መስቀለ ክርስቶስ፣ የዋግ ሹሞች አፅም ያረፈበት፣ ቅርባችን ነው። እኔም በልጅነቴ ስለ እርሱ የሌላ ሰው ጽሑፍ ቀድቼ አቀረብሁ። መምህሬ «ከአበው ማንን ጠየቅህ?» ቢሉኝ መልስ አጣሁ።

እናንተ ግን ሄዳችሁ ተመልከቱ፤ አረጋውያን ካህናትን ጠይቁ፤ በኽምጣና የነገሯችሁንም በኽምጣና ጻፉ። ያልተጻፈ ታሪክ ከባለቤቱ ጋር ይቀበራልና።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።