ሰማያዊው ሽብልቅ፦ የናይቲንጌል ሥዕልና የሞት መዝገብ

በክሪሚያ ጦርነት ወቅት፣ በጃንዋሪ 1855፣ በክሪሚያና በቱርክ የነበረው የእንግሊዝ ጦር በአማካይ 32,393 ሰው ነበር። በዚያ አንድ ወር 2,761 ወታደሮች በኮሌራ፣ በተቅማጥ፣ በተስቦና በመሳሰሉት በሽታዎች ሞቱ። በጥይትና በመድፍ ቆስለው የሞቱት 83 ናቸው። በሌላ ምክንያት 324 ሞተዋል። ሞቱ በዚሁ ፍጥነት ዓመቱን ሙሉ ቢቀጥል ኖሮ ከሺህ ወታደር 1,174 ይሞት ነበር። ይህ ማለት የሞተውን ለመተካት የሚላከውም ሳይቀር ያልቃል ማለት ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ወራትና ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አኃዞቹ ምስጢር አልነበሩም። ከጦርነቱ በኋላ በመንግሥት ሰነዶች ውስጥ፣ በሠንጠረዥ ላይ ሠንጠረዥ ተደርድረው ታትመዋል። ችግሩ ሌላ ነው። ሠንጠረዥ የሚያነብ ሰው የሚፈልገውን ያውቃል፤ የማይፈልገው ሚኒስትር ግን ገጹን ገልብጦ ያልፋል። እንግሊዛዊቷ ነርስ ፍሎረንስ ናይቲንጌል እነዚህን ቁጥሮች ወደ ባለቀለም ሥዕል የቀየረችው ለዚያ ሁለተኛው ሰው ነው። ሥዕሉ ዛሬ በስታቲስቲክስ መማሪያ መጻሕፍት ውስጥ በአድናቆት ይታተማል። አድናቆቱ ይገባዋል፤ ግን ሥዕሉ ምን እንደሚያሳይ ብቻ ሳይሆን ምን እንደሚሸፍንም መመርመር አለበት።

ናይቲንጌል 38 ሴቶችን አስከትላ በቦስፎረስ እስያዊ ዳር ወዳለችው፣ የጦሩ ሆስፒታሎች ወደነበሩባት ስኩታሪ የደረሰችው ኖቬምበር 4 ቀን 1854 ነው። ከአሥር ቀን በኋላ፣ ኖቬምበር 14፣ ከባድ ማዕበል በባላክላቫ ወደብ ዙሪያ የነበሩትን መርከቦች ሰባበረ። ፕሪንስ የተባለችው መርከብ ለጦሩ የመጣውን የክረምት ልብስ ይዛ ሰጠመች። ከወደቡ ሴባስቶፖል ከተማን ወደከበበው ጦር ሰፈር የሚወስደው መንገድ ወደ ጭቃ ተለወጠ፤ የጭነት እንስሳት በረሃብ አለቁ፤ ምግቡና ብርድ ልብሱ ወደቡ ላይ ተከምሮ ወታደሩ ኮረብታው ላይ ይቆራመድ ጀመር። የታመመው በመርከብ ጥቁር ባሕርን ተሻግሮ ወደ ስኩታሪ ይላካል። በየወሩ በበሽታ የሚሞተው ቁጥር በኖቬምበር 844፣ በዲሴምበር 1,725፣ በጃንዋሪ 2,761 ሆነ።

ቁጥሩ የጨመረው ናይቲንጌል ከደረሰች በኋላ መሆኑን ልብ ማለት ያስፈልጋል። ፋኖስ ይዛ በሌሊት በሕመምተኞች መሃል የምትዞረዋ እመቤት ሞቱን እንዳስቆመች የሚተርከው ታዋቂ ወግ ከመዝገቡ ጋር አይስማማም። እርሷም ብትሆን ይህን ወግ ለመደገፍ አንድም ሥዕል አልሠራችም።

በለንደን የጠቅላይ ሚኒስትር አበርዲን መንግሥት በጃንዋሪ መጨረሻ ወደቀ። አዲሱ መንግሥት የንጽህና ኮሚሽን ወደ ጦሩ ላከ፦ ሐኪሙ ጆን ሰዘርላንድ፣ መሐንዲሱ ሮበርት ሮሊንሰንና ሄክተር ጋቪን። በማርች መጀመሪያ ስኩታሪ ደረሱ። ሰፊው የጦር ሰፈር ሆስፒታል በተደፈኑ የፍሳሽ ቦዮች ላይ የቆመ ነበር። ቦዮቹን አስጠረጉ፣ በድን አስወገዱ፣ ግድግዳውን በኖራ አስለቀለቁ፣ አየር እንዲገባ መስኮት አስከፈቱ። በበሽታ የሚሞተው በኤፕሪል 477 ሆነ፤ በዓመቱ መጨረሻ፣ በዲሴምበር፣ 91 ደረሰ።

ናይቲንጌል በኦገስት 1856 ወደ እንግሊዝ ተመልሳ በዚያው መኸር ዊሊያም ፋርን ተዋወቀች። ፋር በመንግሥት የልደትና ሞት መዝገብ ቤት ስታቲስቲክሱን የሚመራ ሐኪም ነበር፤ የእንግሊዝን የሞት አኃዝ ከእርሱ በላይ የሚያውቅ አልነበረም። እርሷ ከሆስፒታሎቹ ይዛ የመጣቻቸው መዝገቦች እርስ በርስ አይገጥሙም ነበር፤ የተለያዩ ሹሞች በየራሳቸው የያዙት የሟች ቁጥር ተለያይቶ ተገኘ። ሁለቱ አስተካክለው፣ ከጦሩ ብዛት ጋር አካፍለው፣ በየወሩ ከሺህ ሰው ስንት እንደሞተ በዓመታዊ መጠን አሰሉ። ዛሬ ቀላል የሚመስለው ይህ ስሌት የሥራው ዋና አጥንት ነው። በጁን 1854 የነበረውና በሴፕቴምበር 1855 የነበረው ጦር በብዛት አይመሳሰሉም፤ የሟቹን ቁጥር ብቻ ቢያስቀምጡ ንጽጽሩ ባዶ ይሆን ነበር።

ፋር አኃዝ በደረቁ ቢቀርብ የሚመርጥ ሰው ነው፤ ናይቲንጌል ቃላቷን እንዳታጋንን ይመክራት ነበር። ሆኖም ሥዕልን የሚጠላ አልነበረም። በ1852 በታተመው የኮሌራ ሪፖርቱ ውስጥ ዓመቱን እንደ ሰዓት ፊት በክብ የዘረጉ ሥዕሎች አሉ። ከእርሱም በፊት ፈረንሳዊው አንድሬ ሚሼል ጌሪ በ1829 ተመሳሳይ ክብ ሥዕል ሠርቷል፤ መስመርና ዐምድ ያላቸውን የንግድ ግራፎች ደግሞ ስኮትላንዳዊው ዊሊያም ፕሌይፌር በ1786 አትሞ ነበር። ስለዚህ ናይቲንጌል የክብ ሥዕሉ ፈልሳፊ ናት የሚባለው ትክክል አይደለም። የእርሷ ድርሻ ሌላ ነው፤ ሥዕሉን ከጥናት ክፍል አውጥታ ወደ ፖለቲካ ክርክር አስገባችው።

መጀመሪያ ያዘጋጀችው ሥዕል ግን ጉድለት ነበረበት። ዓመቱ በክብ ተዘርግቶ ለእያንዳንዱ ወር አንድ አቅጣጫ ተሰጥቶታል፤ የሞቱ መጠን ከመሃሉ ነጥብ ባለው ርቀት ተለክቶ ነጥቦቹ በመስመር ተያይዘዋል፤ ውስጡም ቀለም ተቀብቷል። በዚህ አሠራር ቁጥሩን የተሸከመው ርቀቱ ነው፤ ዓይን የሚያየው ግን የተቀባውን ስፋት ነው። አንድ ምሳሌ እንውሰድ። በበሽታ የሞተው መጠን በጃንዋሪ 1855 በሺህ 1,023፣ በሜይ 1855 ደግሞ 172 ነበር። ልዩነቱ ስድስት እጥፍ ገደማ ነው። ርቀቱን በዚሁ ልክ ካረዘምነው ግን የክቡ ቁራጭ ስፋት 35 እጥፍ ይሆናል። ማንም ቁጥር ሳይዋሽ ሥዕሉ ዋሸ ማለት ነው። ናይቲንጌልና ፋር ነገሩን ስላስተዋሉት ሥዕሉ ርቀትን እንጂ ስፋትን እንደማያሳይ የሚገልጽ ማረሚያ ተጨመረበት፤ ቀጥሎ በተሠራው ሥዕል ደግሞ ዘዴው ራሱ ተለወጠ።

አዲሱ፣ ዛሬ ሁሉም የሚያውቀው ሥዕል በሽብልቆች የተሠራ ነው። ክቡ ለ12 ወራት እኩል ተከፍሎ እያንዳንዱ ወር ከመሃል የሚነሱ ሦስት ሽብልቆች አሉት፦ ሰማያዊው ሊገቱ ይችሉ በነበሩ በሽታዎች የሞቱትን፣ ቀዩ በቁስል የሞቱትን፣ ጥቁሩ በሌላ ምክንያት የሞቱትን ያሳያል። እዚህ መለኪያው ስፋቱ ነው። ርቀቱ የቁጥሩን ስኩዌር ሩት ይከተላል፤ ስለዚህ የጃንዋሪው ሽብልቅ ከሜይው የሚረዝመው በ2.4 እጥፍ ብቻ ሲሆን ስፋቱ እንደ ቁጥሩ ስድስት እጥፍ ገደማ ነው። ሦስቱም ሽብልቆች ከአንዱ መሃል ስለሚነሱ አንዱ በሌላው ላይ ይደረባል እንጂ አይደመርም። ይህን ያልተረዳ አንባቢ ሰማያዊውን የሚቆጥረው ከቀዩ ጫፍ ጀምሮ ነው፤ ያኔ ይሳሳታል። ይህ እንዳይሆን በሥዕሉ ማዕዘን ላይ አጭር ማስታወሻ ተጽፏል። በኦክቶበር 1854 ጥቁሩ መስመር ከቀዩ ጋር እንደሚገጥም ሳይቀር ማስታወሻው ይናገራል፤ በእርግጥም በዚያ ወር በቁስል የሞተው በሺህ 51.7፣ በሌላ ምክንያት የሞተው 50.1 ነበርና መስመሮቹን ለይቶ ማየት አይቻልም። ሥዕል ሠርቶ የት ላይ እንደሚያደናግር አብሮ የሚጽፍ ሰው ዛሬም ብዙ አይገኝም።

ሥዕሉን ያየ ሰው የመጀመሪያ ግኝቱ ቀለሙ ነው። ጦርነት ሲባል የሚጠበቀው ቀይ ነበር። በመጀመሪያው ዓመት፣ ከኤፕሪል 1854 እስከ ማርች 1855፣ በበሽታ የሞቱት ከ11,000 በላይ፣ በቁስል የሞቱት ደግሞ 770 ገደማ ናቸው። ወረቀቱ በሰማያዊ ተሞልቶ ቀዩ መሃል ላይ ተሸጉጧል። ኢንከርማንን የመሰለ ከባድ ውጊያ በተካሄደበት በኖቬምበር 1854 እንኳ ሰማያዊው ቀዩን በሦስት እጥፍ ገደማ ይበልጠዋል። ለጦር ሚኒስቴሩ ይህ ከማንኛውም ንግግር የከበደ ክስ ነበር፤ የገደለው የጠላት መድፍ ሳይሆን የራሱ አስተዳደር መሆኑን በአንድ እይታ ይናገራልና።

የጦሩን ጤና የሚመረምር ንጉሣዊ ኮሚሽን በሜይ 1857 በፖለቲከኛው ሲድኒ ኸርበርት ሰብሳቢነት ሥራ ጀምሮ ሪፖርቱ በ1858 ወጣ። ናይቲንጌል ሥዕሎቿን ለብቻ አሳትማ ሥልጣንና ተሰሚነት ላላቸው ሰዎች አሰራጨች፤ ጸሐፊዋ ሃርየት ማርቲኖም በ1859 ባወጣችው መጽሐፍ ውስጥ አካተተቻቸው። በ1858 የለንደን ስታቲስቲክስ ማኅበር ናይቲንጌልን የመጀመሪያዋ ሴት አባሉ አደረጋት።

ይሁንና በኔ ግምት ከሥዕሎቿ ሁሉ የተሻለው ይህ ክብ አይደለም። ተራ የሆኑ አግዳሚ መስመሮች ያሉበት ሌላ ሥዕል አለ፤ ጥቁሩ መስመር የእንግሊዝ ሲቪል ወንዶችን፣ ቀዩ በሰላም ጊዜ በሀገር ውስጥ ሰፈር የሚኖሩ ወታደሮችን ዓመታዊ ሞት ከሺህ ያሳያል። ከ20 እስከ 25 ዓመት ባለው ዕድሜ ሲቪሉ 8.4፣ ወታደሩ 17.0። ከ25 እስከ 30፣ 9.2 እና 18.3። ከ30 እስከ 35፣ 10.2 እና 18.4። ከ35 እስከ 40፣ 11.6 እና 19.3። በአራቱም ዕድሜ ቀዩ መስመር ከጥቁሩ በብዙ ይረዝማል፤ በመጀመሪያዎቹ ሁለቱ እጥፍ ገደማ ነው። ወታደሮቹ በሐኪም ተመርምረው፣ ደካማው ተመልሶ፣ ጤነኛው ብቻ የተቀጠሩ መሆናቸውን የሚያስታውስ አንባቢ መስመሮቹ ተገላቢጦሽ መሆን እንደነበረባቸው ይገባዋል። እዚህ የስፋትና የርቀት ክርክር የለም፤ ዓይን ርዝመትን በቀላሉ ያነጻጽራል። የጦር ሰፈሮች አየርና ፍሳሽ እንዲታደስ፣ የጦር ሐኪሞች ትምህርት ቤት እንዲቋቋም፣ የጦሩ የጤና ስታቲስቲክስ በየጊዜው እንዲታተም በተደረገው ግፊት ውስጥ ይህ ደረቅ ሥዕል ትልቅ ቦታ አለው። ውበት ስለሌለው ግን ዛሬ በግድግዳ ላይ የሚሰቅለው የለም።

ወደ ክቡ ስንመለስ አንድ ያልተነሳ ነገር አለ፤ ሥዕሉ ለሁለት የተከፈለበት ቦታ። በቀኝ በኩል ትልቁ ክብ ከኤፕሪል 1854 እስከ ማርች 1855፣ በግራ ትንሹ ክብ ከኤፕሪል 1855 እስከ ማርች 1856 ይዟል። ሁለቱ በነጠብጣብ መስመር ተያይዘዋል። ድንበሩ የንጽህና ኮሚሽኑ በስኩታሪ ሥራ ከጀመረበት ጊዜ ጋር ይገጥማል። አንባቢ ትልቁን ከትንሹ ጋር ሲያስተያይ የሚደርስበት መደምደሚያ አስቀድሞ ተዘጋጅቶለታል፦ ከንጽህና በፊትና ከንጽህና በኋላ።

እነዚያኑ ቁጥሮች በተራ ዐምድ ወር በወር ብንደረድራቸው የተለየ ነገር እናያለን። በበሽታ የሞተው መጠን በጃንዋሪ 1,023፣ በፌብሩዋሪ 823፣ በማርች 480፣ በኤፕሪል 178 ነው። ቁልቁለቱ የጀመረው ኮሚሽኑ ስኩታሪ ከመድረሱ በፊት ነው። በፌብሩዋሪ ከባላክላቫ ወደ ጦሩ ሰፈር የሚወስድ የባቡር ሐዲድ መዘርጋት ተጀምሯል፤ ብርዱ እየላላ ምግብና ልብስ መድረስ ጀምሯል። ፌብሩዋሪና ማርች ግን በትልቁ ክብ ውስጥ ከጃንዋሪ ጎን ስለተቀመጡ ሰፊ ሰማያዊ ሆነው ይታያሉ እንጂ መቀነሳቸው ለዓይን አይገለጥም። ናይቲንጌል ይህን ሆን ብላ ደብቃለች ለማለት የሚያስችል ማስረጃ አይታየኝም፤ ዓመቱን ጦሩ ከተንቀሳቀሰበት ከኤፕሪል መጀመር በራሱ ትርጉም ያለው ምርጫ ነው። ቁጥሮቹንም በሠንጠረዥ አሳትማለች፤ ልንቆጣጠራት የቻልነው በራሷ አኃዝ ነው። ግን ክቡ ለእርሷ ክርክር እንደሚመች መካድ አይቻልም።

ይህ ኮሚሽኑን ዋጋ አያሳጣውም። ለኮሚሽኑ የሚመሰክረው ጠንካራ ማስረጃ በግራው ክብ ውስጥ፣ ለማየት አጉሊ መነጽር በሚያስፈልጋቸው ሽብልቆች ውስጥ ነው። ብርዱ በ1856 ተመልሶ መጣ፤ ጦሩም ከቀደመው ክረምት በዝቶ 44,212 ሆኗል። በጃንዋሪ 1856 በበሽታ የሞቱት 42 ናቸው፤ በሺህ 11.4። በማርች 15 ሞቱ፤ በሺህ 3.9። ብርድ ብቻውን ገዳይ ቢሆን ኖሮ ይህ አይሆንም ነበር። ከእንግሊዞቹ ጎን የሰፈረው የፈረንሳይ ጦር በዚያው ሁለተኛ ክረምት በተስቦ ተመትቶ በሺዎች የሚቆጠሩ ወታደሮች አልቀውበታል። ያው ምድር፣ ያው ወራት፣ የተለያየ የሰፈር አያያዝ። ለናይቲንጌል ክርክር ከዚህ የሚበልጥ ምስክር አልነበረም፤ በሁለቱ ክቦች ላይ ግን ለፈረንሳዮቹ የተሠራ ሽብልቅ የለም።