በወንዝ ዳር የሚተከለው ድንኳን

በአገራችን በውኃ ዳር ድንኳን ተክሎ ማደር ከሁለት ወገን የተወረሰ ልማድ ነው፤ አንደኛው የነገሥታት ሰፈር ሲሆን ሁለተኛው የታቦታት ማደሪያ ነው። ሁለቱም ለጥ ያለ መስክና የማይነጥፍ ውኃ ይሻሉ፤ ሁለቱም የሚያርፉት በባላገር መሬት ላይ ነው፤ ነገር ግን ድንኳኑ ተነቅሎ እንግዳው ከሄደ በኋላ በባላገሩ ልብ የሚቀረው ነገር በሁለቱ ዘንድ እጅግ የተለያየ ስለ ሆነ፣ በየዓመቱ በጥር በገጠር ወንዝ ዳር የሚተከለውን ድንኳን ታሪክ ለመመርመር የሚወድ ሰው አስቀድሞ የንጉሡን ሰፈር ማስታወስ ይገባዋል።

ጎንደር በ1628 ዓ.ም. ከመቆርቆሯ በፊት በነበሩት ዘመናት የነገሥታቱ መናገሻ አብዛኛውን ጊዜ ድንኳን ነበረ። ከ1512 እስከ 1518 ዓ.ም. ከፖርቱጋል መልእክተኞች ጋር በአገራችን የቆየው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ እንደ ጻፈው፣ የዐፄ ልብነ ድንግል ድንኳን በመስኩ ከፍተኛ ሥፍራ ላይ ሲተከል፣ የአብያተ ክርስቲያናቱ፣ የማእድ ቤቱ፣ ፍርድ የሚሰማበት ድንኳንና የገበያው ቦታ ሁሉ አስቀድሞ የታወቀ ስለ ነበረ፣ ሰፈሩ በማናቸውም አገር ቢወርድ ያው አንድ ከተማ ሆኖ ይታይ ነበር። ሥርዐቱ በእውነት የሚደነቅ ነው። ነገር ግን ስንቁ ከባላገሩ ጎተራ፣ ማገዶው ከባላገሩ ደን፣ የአጋሰሱ ሣር ከባላገሩ መስክ የሚወጣ ነበረ፤ የመልእክተኞቹ ጓዝ እንኳ ሳይቀር የተጓዘው የየመንደሩ ሰው እየተቀባበለ ተሸክሞት ነው፤ ያው ቄስም መኳንንቱ ያፈራውን ባይቀሙት ኖሮ ሕዝቡ ከዚህ አብልጦ ባመረተ ነበር ሲል ታዝቧል። እንጨቱ ሲያልቅ ሰፈሩ ይነሣል፤ የተራቆተው ኮረብታና የተጋጠው መስክ ግን ለባለቤቱ ይቀራል። ዐፄ ምኒልክ ከክፉው ቀን በኋላ ለወታደሩ ቀለብ ዐሥራትን ደንግገው፣ ወታደር በባላገር ቤት እንዳይሰፍር ከማዘዛቸው አስቀድሞ ገበሬው ይህን ሸክም ስንት ትውልድ ሙሉ እንደ ተሸከመው ማሰብ ያስጨንቃል።

የታቦታቱ ማደሪያ ከዚህ የተለየ ነው። የቤተ ክርስቲያን ሊቃውንት ሲያወርሱት በመጡት ትረካ መሠረት፣ በዐፄ ገብረ መስቀል ዘመን ታቦታት በጥምቀት ዕለት ማለዳ ወደ ወንዝ ወርደው ማታ ወደ መንበራቸው ይመለሱ ነበር፤ ቅዱስ ላሊበላ በአቅራቢያ ያሉት ሁሉ በአንድነት እንዲወርዱ ሥርዐት ሠራ፤ በ15ኛው ምእት ዓመት የነገሡት ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በዋዜማው ወርደው በውኃው ዳር እንዲያድሩ አዘዙ፤ ዐፄ ናዖድም ሕዝቡ ሁሉ ሲወርዱና ሲመለሱ እንዲያጅባቸው ደነገጉ። መምህራኑ ምሥጢሩን ሲያመሠጥሩ ታቦቱን የተሸከሙ ካህናት በኢያሱ ዘመን ዮርዳኖስን መሻገራቸውን፣ መድኃኔ ዓለምም ከገሊላ ወደ ዮርዳኖስ ወርዶ ከሌሊቱ በ10 ሰዓት መጠመቁን ያነሣሉ። እኔ እንደሚመስለኝ ድንኳኑን የግድ ያደረገው ይህ የሌሊቱ ሰዓት ነው፤ ጸሎቱ የሚደርሰው ጎሕ ሳይቀድ ከሆነ፣ ከሩቅ አጥቢያ የሚመጣው ካህን በውኃው ዳር ካላደረ በቀር ከሰዓቱ ሊደርስ አይችልምና።

አልቫሬዝ በጥር 1513 ዓ.ም. በንጉሡ ሰፈር የጥምቀትን በዓል በዓይኑ ለማየት በቅቶ ነበር። መሬቱ ተቆፍሮ በሳንቃ ተለብዶ፣ በላዩ ሰም የተቀባ ሸማ ተዘርግቶ፣ ከወንዝ የተጠለፈው ውኃ በጨርቅ እየተጠለለ ሲገባበት እንዳደረ ይነግረናል፤ ሌሊቱ እጅግ ብርድ ስለ ነበረ በውኃው ውስጥ ቆመው ሕዝቡን የሚያጠምቁት አረጋዊ ካህን ይንቀጠቀጡ እንደ ነበረም አልሸሸገም። የእኒያ አረጋዊ ትዕግሥት ከዚያ ሰፈር ድንኳኖች ሁሉ ይልቅ የሚከበር ሆኖ ይታየኛል።

የገጠሩ ባሕረ ጥምቀት ግን አናጢ አይሻም። ጥር መኸሩ ተሰብስቦ ያለቀበት፣ ወንዙም የቀጠነበት ወር ነው፤ ስለዚህ በወንዙ ግራና ቀኝ ያለው ማሳ የታጨደ አገዳ ብቻ ይዞ ስለሚገኝ፣ ድንኳን ቢተከልበት፣ ሕዝብም ቢጨፍርበት የሚረገጥ አዝመራ የለም። በዓሉን በዚህ ወር ያደረገው የቤተ ክርስቲያን ቀመር ቢሆንም፣ የገበሬው ዓመትና የቤተ ክርስቲያኑ ዓመት በዚህ ቀን እንዲህ መገጣጠማቸው ልማዱ ሳይከብድ ከትውልድ ወደ ትውልድ እንዲተላለፍ ረድቶታል። ጥር 10 ቀን፣ ሕዝበ ክርስቲያኑ በጋድ ጾም ሳለ፣ ጎበዛዝቱ ሣር ያቀፈ አፈር እየቆረጡ፣ ድንጋይና ጭቃ እየደለደሉ የቀጠነውን ወንዝ ይከትሩታል፤ ከቀትር በኋላ ታቦቱ በጥላና በመስቀል ታጅቦ ወርዶ ከድንኳኑ ሲገባ፣ ዋዜማው ተቆሞ፣ ማኅሌቱ በጸናጽልና በከበሮ ሲቀጥል ያድራል፤ ከቅዳሴውም በኋላ ውኃው ተባርኮ በሕዝቡ ላይ ይረጫል። ምእመናኑ በየቤታቸው ያሰናዱትን ድፎ ዳቦና ጠላ ተሸክመው የሚመጡት ነጋሪት ተጎስሞባቸው አይደለም፤ ካህኑን የሚያበላው፣ መንገደኛውንም ከእሳቱ ዳር የሚያስጠጋው ያው ለንጉሡ ሰፈር ድርጎ ሲያወጣ ያለቅስ የነበረው ባላገር ነው። የቅዱስ ሚካኤል ታቦት ደግሞ አንድ ሌሊት ጨምሮ አድሮ በጥር 12 ቀን ስለሚመለስ፣ ዘፈኑና እስክስታው በዚያ መስክ እስከ ማግሥቱ ይዘልቃል።

በጎንደር ከቀሐ ወንዝ በቦይ እየተመራ በሚሞላው በዐፄ ፋሲል መዋኛ፣ በምንጃር ሸንኮራም ከብዙ አጥቢያ የመጡ ታቦታት በሚያድሩበት በኢራንቡቲ የሚከበረው በዓል በሩቅ አገር ሳይቀር ስመ ጥር ሆኗል፤ በ2012 ዓ.ም. ዩኔስኮ በዓለ ጥምቀትን በዓለም የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ አስፍሮታል። ነገር ግን በመዝገብ የሰፈረው በዓሉ ነው እንጂ የየገጠሩ መስክ አይደለም። መስኩ ዓመቱን ሙሉ ከብት የሚግጥበት፣ በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ ድንኳን የሚተከልበት በመሆኑ፣ መሬት የጠበበበት ጎረቤት በየዓመቱ አንድ አንድ ትልም እየጨመረ ቢገፋው ከልካዩ ጥቂት ነው። በአዲስ አበባ እንኳ፣ በ2012 ዓ.ም. የኮሮና ወረርሽኝ በገባ ጊዜ የአትክልት ገበያ ወደ ጃን ሜዳ ተዛውሮ፣ ሜዳው ለቀጣዩ ጥምቀት እንዲደርስ ብዙ ሕዝብ ወጥቶ ሊያጸዳው ግድ ሆኗል። ጃን ሜዳ በመላው አገር የታወቀ ስለ ሆነ የሚጮኽለት አላጣም፤ ስሙ ከአንድ ወንዝ ማዶ የማይሰማው መስክ ግን የሚጮኽለት የለውም። ስለዚህ የየአጥቢያው ሽማግሌዎች የመስኩን ወሰን ለልጆቻቸው በእግራቸው እየዞሩ እንዲያሳዩ፣ የገበሬውንም ማሳ በይዞታ ደብተር የሚመዘግቡ ሹማምንት ይህን መስክ በአጥቢያው ስም ለይተው እንዲጽፉት፣ በዘንድሮው ጥር ወደ ወንዝ ከመወረዱ በፊት እንዲያስቡበት አደራ እላለሁ።