አንድ ቀማሚ፣ ሁለት ብልቃጥ

እ.ኤ.አ. በ1928 «ሷር ደ ፓሪ» ማለትም «የፓሪስ ምሽት» የሚባል ሽቶ ፈረንሳይ ውስጥ ለገበያ ወጣ። ብልቃጡ ደማቅ ሰማያዊ፣ የተለጠፈበት ወረቀት ብርማ፣ ዋጋውም ሱቅ ውስጥ የምትሠራ ወይም የጽሕፈት መኪና የምትመታ ሴት ከደመወዟ ቀንሳ ልትገዛው የምትችለው ዓይነት ነበር። ያወጣው ለቲያትር ተዋንያን የፊት ቀለም በመሥራት ሥራ የጀመረው ቡርዥዋ የተሰኘ ኩባንያ ነው። የቀመመው ደግሞ ሞስኮ ተወልዶ ያደገው ኤርነስት ቦ ሲሆን፣ ከ7 ዓመት በፊት «ሻኔል ቁጥር 5»ን የሠራውም ይኸው ሰው ነው። ነገሩ እንዲያው የተገጣጠመ አይደለም። የቡርዥዋ ባለቤቶች የነበሩት የቬርታይመር ወንድማማቾች በ1924 ከኮኮ ሻኔል ጋር ተዋውለው የሻኔልን ሽቶ የሚያመርት ኩባንያ አቋቋሙ። ከድርሻው 70 በመቶውን እነሱ ሲይዙ ለሻኔል የደረሳት 10 በመቶ ብቻ ነበር። ቦ የሁለቱም ቤቶች ቀማሚ ሆነ። ለባለጸጋዋና ለደመወዝተኛዋ የሚቀምመው አንድ አፍንጫ፣ ከሁለቱም የሚተርፈውን ገንዘብ የሚሰበስበውም በአብዛኛው አንድ ኪስ ነበር ማለት ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሽቶ እናውቃለን፣ እንሰበስባለን ከሚሉ ሰዎች ብዙዎቹ በፋርማሲና በሱፐርማርኬት መደርደሪያ ላይ የሚገኘውን ሽቶ ከሽቶ አይቆጥሩትም። ክሳቸው ብዙ ነው፤ ጥሬ ዕቃው ርካሽ ነው፣ ሳሙና ሳሙና ይላል፣ መንገድ ላይ የሚያልፈው ሁሉ ይቀባዋል፣ የሌላ ቅጂ ነው። ከነዚህ ውስጥ እውነት ያለበት አለ፤ እመለስበታለሁ። የሽቶ ታሪክ ግን ንቀቱን አይደግፍም። እንዲያውም ዘመናዊ ሽቶ እንደ ጥበብ የቆመው ጥሬ ዕቃው ሲረክስና ገዢው ሲበዛ ነው። የሕዝብ ሽቶና የጌቶች ሽቶ የተለያዩትም በአብዛኛው በመደብሩና በብልቃጡ እንጂ በቀማሚው ሙያ አይደለም።

ከ19ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ በፊት የነበረውን ሁኔታ ለማየት ከአገራችን ዝባድ መጀመር ይቻላል። ዝባድ የሚገኘው ከጥርኝ ነው። እንስሳው በጠባብ በረት ተይዞ እየተቀለበ፣ ከጅራቱ ሥር ያለው እጢ የሚያወጣው ቅባት በየጊዜው እየተጠረገ ይወሰድና በከብት ቀንድ ታጭቆ ይሸጣል። በ19ኛው መቶ ዘመን የእናርያና የከፋ ዝባድ ከወርቅ፣ ከዝሆን ጥርስ፣ ከቡናና በባርነት ከሚሸጡ ሰዎች ጋር በጎጃሙ የባሶ ገበያ አልፎ እስከ ምጽዋ ይወርድ ነበር። የፈረንሳይ ሽቶ ቤቶች ለረጅም ጊዜ ዝባዳቸውን በዋናነት ያገኙት ከኢትዮጵያ ነው። ይህ ሁሉ መንገድ፣ ይህ ሁሉ ቀረጥና ደላላ ዋጋውን ሰማይ ቢሰቅለው አያስደንቅም። ዋጋው ግን የመዓዛው ልክ አልነበረም። ያልተበረዘ ዝባድ የሚከረፋ ነገር ነው፤ ሙቀትና ለስላሳነት የሚሰጠው በአልኮል እጅግ ቀጥኖ ከአበባ ጋር ሲዋሐድ ነው። ያኔ የሽቶ ክብር በአብዛኛው ከርቀትና ከእጥረት የመጣ ክብር ነበር። ከሂማላያ አካባቢ የሚመጣው ሚስክ፣ በባሕር ላይ ተንሳፍፎ የሚገኘው አምበር፣ የፈረንሳይዋ የግራስ ከተማ ጃስሚንም እንዲሁ ውድ ነበሩ። ቀማሚውም በእጁ ያለው ጥቂት ስለነበር የሚታወቅ አበባን ከመምሰል ብዙም አይርቅም ነበር።

ይህን የሰበሩት ኬሚስቶች ናቸው። እንግሊዛዊው ዊልያም ፐርኪን በ1868 ኩማሪንን በቤተ ሙከራ ሠራ፤ አዲስ የታጨደ ድርቆሽ የሚሸት ነገር ነው። ጀርመኖቹ ፈርዲናንድ ቲማንና ቪልሄልም ሃርማን በ1874 የቫኒላን ጣዕምና ሽታ የሚሰጠውን ቫኒሊን አወጡ። በ1888 አልበርት ባውር ፈንጂ ሲመራመር ሚስክ የሚሸት ውሕድ አገኘ። በ1893 ደግሞ የቫዮሌት አበባን ሽታ የሚሰጠው አዮኖን ተገኘ፤ የተፈጥሮው የቫዮሌት ዘይት ለባለጸጋ እንኳ የሚከብድ ነበርና ይህ ትንሽ ነገር አልነበረም። ፖል ፓርኬ በ1882 ለኡቢጋን ቤት የቀመመው «ፉዤር ሮያል» ኩማሪን የገባበት ሲሆን፣ ስሙ የተወሰደው ከፈርን ተክል ነው። ፈርን ደግሞ ይህ ነው የሚባል ሽታ የለውም። ቀማሚው በተፈጥሮ ውስጥ የሌለ መዓዛ ፈጠረ ማለት ነው፤ ዛሬም ድረስ አያሌ የወንዶች ሽቶዎች የሚመደቡት በዚሁ «ፉዤር» በተባለው ዘር ነው። ኤሜ ጌርለን በ1889 ያወጣው «ዢኪ»ም እነዚህን አዲስ ውሕዶች ከአሮጌው ዝባድ ጋር አጋባ። በ1926 ደግሞ ሊዮፖልድ ሩዚችካ የዝባድን ዋና መዓዛ የሚሰጠውን ሞለኪውል ቅርጽ ፈትቶ አሳየ፤ በ1939 ለተሸለመው የኖቤል ሽልማት ከሚጠቀሱ ሥራዎቹ አንዱ ይህ ነው። የቤተ ሙከራው ውሕድ ዋጋ ሲወርድ የቀማሚው ገበታ ሰፋ። «ሻኔል ቁጥር 5»ን ከቀደሙት የለየው አልዲሃይድ የሚባለው ንጥረ ነገርም ከአበባ ማሳ የተለቀመ ሳይሆን የፋብሪካ ውጤት ነው። ሰው ሠራሹን ንቆ «ቁጥር 5»ን ማክበር የማይሆን ነገር ነው።

ከሁሉ ይልቅ ክርክሩን የሚያጠናክረው የፍራንሷ ኮቲ ታሪክ ነው። በ1874 ኮርሲካ የተወለደው ኮቲ በ1904 «ላ ሮዝ ዣክሚኖ»፣ በ1905 «ሎሪጋን» ባወጣ ጊዜ ስሌቱ ግልጽ ነበር። ሽቶውን እንደ ባካራና ላሊክ ባሉ ስመ ጥር የመስታወት ሠሪዎች ብልቃጥ ለሚችል ይሸጣል፤ ያንኑ ሽቶ ደግሞ በትንሽ ብልቃጥ፣ በትንሽ ዋጋ ለብዙኃኑ ያቀርባል። በዚህም እጅግ ባለጸጋ ሆነ። (በሀብቱ በኋላ «ፊጋሮ» ጋዜጣን ገዝቶ የቀኝ አክራሪዎችን መደገፉ ሌላ፣ የማያስመሰግነው ታሪክ ነው።) በ1917 ያወጣው «ሺፕር» ቤርጋሞትን፣ የላብዳነም ሙጫንና በባሉጥ ዛፍ ላይ የሚበቅለውን ሽበት አጋጥሞ አንድ ሙሉ የሽቶ ዘር መሠረተ። አሁን የጊዜውን ቅደም ተከተል እንይ። የጌርለን ቤት ዛሬ ሰብሳቢዎች በአክብሮት የሚያነሡትን «ሚትሱኮ»ን ያወጣው ከ«ሺፕር» ሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1919 ነው፤ አጥንቱ የኮቲ፣ በላዩ የተጨመረው የኮክ መዓዛ የጌርለን ነው። የዚሁ ቤት የ1912ቱ «ለር ብለ»ም በ«ሎሪጋን» መንገድ የሄደ ነው። ሐሳቡ የፈለቀው ለሁሉም ከሚሸጠው ቤት ነበር፤ የከበረው ቤት ተቀብሎ አሳመረው። ማሳመሩም ሙያ ነው፤ «ሚትሱኮ» ድንቅ ሽቶ መሆኑን የሚክድ የለም። የሚያሳዝነው ዛሬ የጌርለን ስም በክብር ሲጠራ የኮቲ ስም የፋርማሲ መደርደሪያን ብቻ ማስታወሱ ነው።

«ሷር ደ ፓሪ»ም የወጣው በዚህ መንገድ ነው። በ1929 አሜሪካ ሲገባ ስሙ በእንግሊዝኛ «ኢቪኒንግ ኢን ፓሪስ» ሆነ፤ የተሸጠውም በየሰፈሩ ፋርማሲና በሳንቲም ዕቃ በሚገዛባቸው ትልልቅ መደብሮች ነበር። ታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት የመጣው በዚያው ዓመት ነው። ሽቶው ከ«ቁጥር 5» ይልቅ ለስለስ ያለ፣ ቫዮሌትና ቫኒላ የሚያመዝንበት ነው። ቦ ለዚህ ሥራ ሌላ ዕውቀት አልተጠቀመም፤ የተለየው ለጥሬ ዕቃ የተሰጠው ገንዘብና የታሰበችው ገዢ ናት። ሽቶውም ለአሥርት ዓመታት ተፈላጊነቱን ሳያጣ ኖረ።

እዚህ ላይ ጠንካራው ተቃውሞ ይመጣል። ገንዘቡ ከተለየ ሽቶውም ይለያል፤ የግራስ ጃስሚን በርካሽ አይገኝም። ይህ እውነት ነው። ሻኔል ለ«ቁጥር 5» ምርጥ ቅምር ዛሬም ጃስሚኑን ግራስ አካባቢ ያስመርታል፤ ያንን ጥልቀት ከሱፐርማርኬት መደርደሪያ የሚጠብቅ ሰው ራሱን ያታልላል። ሆኖም ጥሩ ቅቤ ብቻውን ወጥ አይሠራም። ሌላም ነገር አለ፦ ውድ ሽቶ ሲገዛ የሚከፈለው ገንዘብ የሚሄደው በአብዛኛው ለብልቃጡ፣ ለማስታወቂያውና ለመደብሩ ነው፤ ፈሳሹ የዋጋው ትንሹ ክፍል ነው። በጀት ሲጠብ ደግሞ ቀማሚው ውድ ዘይት አፍስሶ ስሕተቱን መሸፈን ስለማይችል እያንዳንዱን ነገር መዝኖ ማስገባት አለበት። ካሊስ ቤከር በ1996 የቀመመችው «ቶሚ ገርል» ለወጣቶች የወጣ፣ በየገበያ አዳራሹ የሚገኝ ሽቶ ነበር። ሉካ ቱሪንና ታኒያ ሳንቼዝ በ2008 ባሳተሙት የሽቶ መመሪያ ግን ከአምስት ኮከብ አምስቱን አግኝቷል፤ በዚያው መጽሐፍ ዋጋው ብዙ እጥፍ የሆነ ስንት ሽቶ በአንድ ኮከብ ተሸኝቷል።

«ሳሙና ይሸታል» የሚለው ክስ ደግሞ የነገሩን አመጣጥ ገልብጦ ያያል። ዳይሃይድሮሚርሴኖል የሚባለው የሎሚና የንጹሕ ልብስ ሽታ የሚሰጥ ውሕድ ቀድሞ የሚታወቀው በማጽጃ ዕቃ ነበር። ፒየር ዋርኚ በ1982 ለጊ ላሮሽ ቤት በቀመመው «ድራካር ኗር» ውስጥ በብዛት ሲያገባው የአንድ ትውልድ የወንዶች ሽቶ መንገድ ተቀየረ። ሶፊያ ግሮይስማን በ1990 ለላንኮም የሠራችው «ትሬዞር» ከቀመሩ አምስት እጅ አንዱ ያህል ጋላክሶላይድ ነው፤ ይህም በልብስ ማጠቢያና ማለስለሻ ውስጥ ሞልቶ የሚገኝ ሚስክ ነው። የሽቶ ቤቱና የሳሙና ፋብሪካው መዓዛቸውን የሚያዙት ከአንድ ዓይነት ኩባንያዎች፣ እንደ ጂቮዳንና ፊርሜኒሽ ካሉት ነው። ሳሙና የሚሸተው ሽቶ ሁሉ ርካሽ ነው ከተባለ ከከበሩትም ብዙዎቹ ይወድቃሉ።

«ሁሉም ሰው ይቀባዋል» የሚለው ጨርሶ ስለ መዓዛ የተነገረ አይደለም፤ ስለ ሰው ነው። ሽቶው በአንድ ሰው አንገት ላይ ሲሆን ምርጥ፣ በሺህ ሲሆን መናኛ የሚሆንበት ምክንያት የለም። የመብዛቱን ታሪክ ማየት ግን ይጠቅማል። በ1950ዎቹ መጀመሪያ ለብዙ አሜሪካዊት ሴት ሽቶ ባሏ በበዓል የሚሰጣት ስጦታ ነበር። ኤስቴ ላውደር በ1953 «ዩዝ ዲው»ን የገላ መታጠቢያ ዘይት አድርጋ ስትሸጠው፣ ሴቲቱ እንደ ሳሙና ሁሉ ማንንም ሳትጠብቅ በራሷ ገንዘብ ገዛችው። በ1973 ሬቭሎን ያወጣው ርካሹ «ቻርሊ» ደግሞ በማስታወቂያው ላይ ሱሪ ለብሳ በልበ ሙሉነት የምትራመድ፣ ሠርታ የምታድር ሴት አሳየ። ሽቶን ከስጦታ ሣጥን አውጥቶ በሴቲቱ ቦርሳ ያስገባው የሕዝብ ሽቶ ነው።

የቀረው «ቅጂ ነው» የሚለው ክስ ነው። ይህ ዛሬ ከባሕረ ሰላጤው አገሮች በሚወጡት፣ ከዚያ የሚመለሱ ወገኖቻችንም በሻንጣቸው ይዘው በሚገቡት ርካሽ ሽቶዎች ላይ ይወርዳል። መኮረጅ ግን የሽቶ ንግድ የቆየ ልማድ ነው። ጆቫኒ ማሪያ ፋሪና ኮሎኝ ከተማ ውስጥ የኮሎኝ ውኃን ካስተዋወቀ በኋላ ስሙንና ቀመሩን ያስመሰሉት ቤቶች ብዙ ናቸው፤ ከዚያው ከተማ የወጣው «4711»ም ዛሬ በራሱ የተከበረ ስም ሆኗል። ፍርድ ቤቶችም አልተስማሙም፦ በሰኔ 2006 የፈረንሳይ ሰበር ፍርድ ቤት ሽቶ የቅጂ መብት የሚገባው የፈጠራ ሥራ አይደለም ሲል፣ በዚያው ወር የኔዘርላንድስ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ«ትሬዞር» ጉዳይ ተቃራኒውን ፈረደ። በአንድ ነገር ግን ከነቃፊዎቹ ጋር እስማማለሁ። የሌላውን ስምና ብልቃጥ አስመስሎ «ዋናው ነው» ብሎ መሸጥ ማጭበርበር ነው፤ ውስጡ ምን እንዳለ ገዢው አያውቅም። በራሱ ስም ወጥቶ በሌላው መንገድ የሚሄደው ግን ኮቲን ተከትሎ ጌርለን ካደረገው እምብዛም አይለይም።

ቬርሳይ ውስጥ በ1990 የተቋቋመው ኦስሞቴክ የጠፉና የተለወጡ ሽቶዎችን በመጀመሪያው ቀመራቸው ሠርቶ፣ ከብርሃንና ከአየር ጠብቆ የሚያስቀምጥ ማኅደር ነው። የመሠረቱት ራሳቸው ሽቶ ቀማሚዎች ናቸው። ከመደብር ከጠፋ ብዙ ዘመን የሆነውን የ1917ቱን የኮቲ «ሺፕር» ማሽተት የሚፈልግ ሰው የሚሄደው ወደዚያ ነው።