የሂና ቀለምና የእጅ ዋጋ

ስለ ጌጥና ስለ ውበት የተጻፈው ታሪክ በአብዛኛው የሚተርከው ስለ ተቀቡትና ስለ ታጠኑት ነው። ሙሽራይቱ እጇን በምን አቀለመች፣ የከሊፋው ቤተ መንግሥት በምን ሽቶ ታወደ እያልን እንጠይቃለን። ቅጠሉን የለቀመው ማን ነው? የወቀጠውስ? ለወቃጩ ስንት ተከፈለው? ይህ ጥያቄ ከዜና መዋዕል ጸሐፊዎች ብዕር ያመለጠ ነው። ጥያቄውን አንሥተው በብርቱ ከተከራከሩበት ጥቂቶች መካከል፣ አንባቢ ምናልባት በማይጠብቀው ስፍራ፣ የመካከለኛው ዘመን የእስልምና ሕግ ሊቃውንት ይገኛሉ። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

በዚያ ዘመን በነበረው የእስልምና ዓለም ገበያ ለውበት የሚውሉት ዕፅዋት ብዙ ነበሩ። የቁርቁራ ቅጠል ደርቆና ተፈጭቶ ለራስና ለገላ መታጠቢያ ይሆናል። የጽጌረዳ አበባ ይፈላና እንፋሎቱ ተጠራቅሞ መዓዛማ ውሃ ይወጣዋል። ከሁሉ ይልቅ በየቤቱ የገባው ግን ሂና ነው። ቅጠሉ ይደርቃል፣ ይወቀጣል፣ ይነፋል፣ ከዚያም በውሃ ወይም በሎሚ ጭማቂ ይለወሳል፤ በውስጡ ያለው ማቅለሚያ ከቆዳና ከጥፍር ጋር ስለሚዋሐድ ታጥቦ በቀላሉ አይለቅም። ሙያው እንደ ተራ ነገር የሚታይ አልነበረም። በ1013 ገደማ ያረፈው የአንዳሉስ ሐኪም አል ዘህራዊ በሠላሳ ክፍል ካዘጋጀው ታላቅ የሕክምና መጽሐፍ ውስጥ 19ኛውን ክፍል የመደበው ለሽቶና ለመዋቢያ ቅመማ ነው።

ይህ ምርት የመንግሥት ሀብትም ነበር። ኢብን ኸልዱን በ1377 በጻፈው «ሙቀዲማ» ውስጥ ከአባሲዶች ዘመን የቆየ የግብር መዝገብ ይጠቅሳል። በዚያ መዝገብ መሠረት የፋርስ አውራጃ ከሚያገባው ብዙ ሚሊዮን ድርሃም በተጨማሪ 30,000 ጠርሙስ የጽጌረዳ ውሃ ይገብራል። መዝገቡ ጠርሙሶቹን ቆጥሯል። አበባውን ፀሐይ ሳይበረታ ጎንበስ ብለው የለቀሙትን እጆች ግን አልቆጠራቸውም።

የሕግ ሊቃውንቱ ክርክር የሚነሣው ከነቢዩ ሙሐመድ ከተወረሱ ቃላት ነው። ኢብን ማጃህ በሰበሰበው ሐዲስ ሠራተኛው ላቡ ሳይደርቅ ዋጋው እንዲሰጠው ታዝዟል። ቡኻሪ በመዘገበው ደግሞ ሰው ቀጥሮ ሥራውን ሙሉ በሙሉ ከተቀበለ በኋላ ዋጋውን የከለከለ ሰው በፍርድ ቀን ፈጣሪ ራሱ ከሚሟገታቸው ሦስት ሰዎች አንዱ ነው። እነዚህ ቃላት ልብን ይነካሉ፤ ነገር ግን ዳኛ በልብ መነካት ብቻ አይፈርድም። ስለዚህ ሊቃውንቱ ዋጋው በስንት ይተመናል፣ መቼ ይከፈላል፣ በምን ይከፈላል ወደሚሉት ደረቅ ጥያቄዎች ወረዱ። የጋራ መነሻቸው ዋጋው ሥራው ሳይጀመር የታወቀ ይሁን የሚል ነበር። ሳይታወቅ ቀርቶ ውሉ ቢፈርስ፣ ሠራተኛው ባዶ እጁን አይሄድም፤ መሰሉ የሆነ ሠራተኛ በዚያ አገር ለዚያ ሥራ የሚያገኘውን ያገኛል። ይህንን «ኡጅረቱል ሚስል» ይሉታል፤ የአቻ ዋጋ ማለት ነው።

ነገሩ የሚጠነክረው ከወፍጮው ዘንድ ሲደረስ ነው። አንድ ሰው እህሉን ወይም የደረቀ ቅጠሉን አምጥቶ «ፍጭልኝ፤ ከዱቄቱ አንድ መስፈሪያ ትወስዳለህ» ቢል ውሉ ይጸናልን? የሐነፊና የሻፊዒ መዝሀብ ሊቃውንት አይጸናም አሉ። ዋጋው ውሉ በታሰረበት ሰዓት ገና የለም፤ የሚገኘውም ከሠራተኛው ከራሱ ድካም ነው፤ ዱቄቱ ምን ያህል፣ ምን ዓይነት እንደሚሆን የሚያውቅ የለም። ከዚህ ክልከላ በስተጀርባ ያለው ሐሳብ በእኔ አስተያየት ቀላል አይደለም። አሠሪው ከኪሱ ምንም ሳያወጣ ሠራተኛውን በራሱ ላብ እንዳይከፍለው፣ ምርቱ ሲበላሽም ኪሳራው በደካማው ጫንቃ ላይ እንዳይወድቅ የሚያግድ ነውና። ሆኖም ክልከላው ሁልጊዜ ለድኻው የሚበጅ አልነበረም፤ ጥሬ ገንዘብ በሌለበት መንደር ከምርቱ ከመካፈል ሌላ መክፈያ ከየት ይገኛል? የባልኽ ሊቃውንት ይህን ተመልክተው ሳይሆን አይቀርም፣ ሸማኔ ከሠራው ጨርቅ ሢሶ ወይም ሩብ እንዲወስድ የፈቀዱት። ማስረጃ አድርገው ያቀረቡት የአገሩን ልማድ ነበር።

ሌላው ጉዳይ የቀለም ነካሪው ነው። በ1197 ያረፈው ማርጊናኒ «ሂዳያ» በተባለው የሐነፊ መጽሐፍ እንዳሰፈረው፣ የሥራው ምልክት በዕቃው ላይ የሚታይ ባለሙያ፣ ለምሳሌ ልብስ አቅላሚ፣ ዋጋው እስኪከፈለው ድረስ ዕቃውን ይዞ የማቆየት መብት አለው። ተሸካሚና ጀልባ ቀዛፊ ግን ይህ መብት የላቸውም፤ ድካማቸው በዕቃው ላይ ምልክት አይተውምና። ይህን ሳነብ ወዲያው የታሰበችኝ የሂና ባለሙያይቱ ናት። ሥራዋ ከማንም ይልቅ ይታያል፤ ቀይ ሆኖ ሳምንታት ይቆያል። ግን ያረፈው በሰው እጅ ላይ ነው፤ እጅን ደግሞ መያዣ አድርጎ ማስቀረት አይቻልም።

ሙሽራ የምታስውብ ሴት በዐረብኛ «ማሺጣ» ትባላለች። ስለ እርሷ የተነሣው ክርክር፣ የዚህን ጽሑፍ ነገር ሁሉ በአንድ ጥያቄ ይይዘዋል። ከሐነፊ ሊቃውንት አንዳንዶቹ፣ ይህች ሴት የምታገኘው ዋጋ የሚጠራላት ሳትዋዋልና ሳትጠይቅ እንደ ስጦታ ሲሰጣት ብቻ ነው አሉ። ሌሎቹ መለሱላቸው፤ ሙሽራን ማስጌጥ የተፈቀደ ሥራ ነው፣ ስለዚህ የሥራው ጊዜ ወይም የሥራው ዓይነት ከታወቀና የፍጡር ምስል እስካልሣለች ድረስ ቅጥሯ ይጸናል፣ ዋጋዋም ንጹሕ ነው። ሁለቱን ሐሳቦች የሚለያየው ክር ቀጭን ይመስላል። ነገር ግን ስጦታ የሚሰጠው በሰጪው ፈቃድ ነው፤ አነሰም ብላ ከዳኛ ፊት አትቆምበትም። ዋጋ ከሆነ ግን መብት ነው። የሴት ሙያ «ውለታ» ሲባል ምን እንደሚቀርበት እነዚህ ሰዎች ከስምንት መቶ ዓመት በፊት ለይተው ተከራክረውበታል።

እርግጥ መጽሐፉና ገበያው አንድ አልነበሩም። ገበያውን የሚቆጣጠረው ሹም ሙህተሲብ ይባላል። በ12ኛው መቶ ዓመት ሸይዘሪ ለዚህ ሹም በጻፈው መምሪያ ውስጥ ስለ ሽቶና ስለ ቅመም ነጋዴዎች የሚገኘው በአብዛኛው የማጭበርበሪያ ዘዴ ነው፤ ምስክ በምን ይመሳሰላል፣ ሳፍሮን በምን ይቀላቀላል የሚል። የአቻ ዋጋ የተባለውም ደንብ በሁለት በኩል የተሳለ ነበር። በ1328 ያረፈው ኢብን ተይሚያ፣ ሕዝቡ የገበሬ፣ የሸማኔና የግንበኛ ሥራ አጥቶ ሲቸገር ገዥው ባለሙያዎቹን በአቻ ዋጋ እንዲሠሩ ሊያስገድዳቸው ይችላል ይላል፤ አሠሪው ከዚያ አያጎድልም፣ ሠራተኛውም ከዚያ አይጠይቅም። ከዚህ ሁሉ ውጭ የቀረ ደግሞ ነበር፤ ባሪያ ተከራይቶ ሲሠራ ዋጋው የጌታው ነው። ስለ ላቡ መድረቅ የተነገረው ቃል ለእርሱ ኪስ አልደረሰም።

ኢብን ኸልዱን ነገሩን ከፍርድ ቤት አውጥቶ ወደ አገር ህልውና ያደርሰዋል። ሰው የሚያገኘው ሀብት በመሠረቱ የሥራው ዋጋ ነው ካለ በኋላ፣ ሕዝብን ያለ ዋጋ በግዳጅ ማሠራት አገርን ከሚያፈርሱት ግፎች ሁሉ ከከፉት አንዱ ነው ሲል ይደመድማል። ከ1384 ጀምሮ በካይሮ የማሊኪ መዝሀብ ዳኛ ሆኖ የተሾመ ሰው እንደ መሆኑ፣ ዋጋው የተበላበትን ሠራተኛ እሮሮ ከመጽሐፍ ብቻ አያውቀውም ብሎ መገመት ይቻላል።

ይህ ሕግ ወደ አገራችንም ገብቷል። በ1277 ያረፈው ነወዊ የጻፈው «ሚንሃጅ» በሐረርና በወሎ የእስልምና ትምህርት ማዕከሎች ለረዥም ዘመን የተነበበ የሻፊዒ መዝሀብ መጽሐፍ ነው፤ ፈጪን በከፊል ዱቄቱ ወይም በፉርሽካው፣ ቆዳ ገፋፊንም በገፈፈው ቆዳ መቅጠር እንደማይጸና በውስጡ ተጽፎ ይገኛል። ደረሳው ይህን ምዕራፍ በቃሉ ሲያጠና፣ በመንደሩ ሰርግ ሲቃረብ ሴቶቹ የእንሶስላ ሥር ቆፍረው ይወቅጣሉ፤ ሂና በሚገኝበትም ሂናውን ይለውሳሉ። የሙሽራይቱ እጅና እግር በቅጠል ተጠቅልሎ ያድራል። ለወቀጠችውና ለቀባችው ሴት ቡና ይፈላላታል፣ ምርቃት ይወርድላታል። የእጅ ዋጋ ግን አይነሣም፤ ነገ የእርሷ ልጅ ስትዳር እነዚያው ጎረቤቶች ሙቀጫውን ይዘው ይመጣሉና።