ከአራት ኪሎ እስከ ስድስት ኪሎ፦ የዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት አገልግሎት ታሪክ

በኢትዮጵያ የዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ታሪክ የሚጀምረው አራት ኪሎ ላይ ነው። ለሕዝብ የሚያገለግለው ቤተ መጻሕፍት፣ ወመዘክር፣ በ1936 ዓ.ም. ተከፍቶ ነበር። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ግን በ1943 ዓ.ም. በካናዳዊው የኢየሱሳውያን ማኅበር ካህን በሉስየን ማት መሪነት ሥራ ሲጀምር፣ የራሱ የመጻሕፍት ክፍል አስፈለገው። ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ነበር፤ መማሪያ መጻሕፍቱም ከባሕር ማዶ ይመጡ ነበር። ተማሪው ገዝቶ ይማር ቢባል ገበያው ላይ አያገኘውም፤ ቢያገኘውም አቅሙ አይፈቅድለትም። ስለዚህ የቤተ መጻሕፍቱ የመጀመሪያ ሥራ ጥቂቱን መጽሐፍ ለብዙ አንባቢ ማዳረስ ሆነ።

ለዚህ የተገኘው ዋነኛ ዘዴ ተማሪዎች እስከ ዛሬ “ሪዘርቭ” የሚሉት አገልግሎት ነው። መምህሩ ለኮርሱ የሚያስፈልጉትን መጻሕፍት ለይቶ ያስታውቃል፤ መጻሕፍቱም ከመደርደሪያ ተነሥተው ከመስኮቱ ጀርባ ይቀመጣሉ። ተማሪው መታወቂያውን አስይዞ አንዱን ይወስዳል፤ እዚያው ንባብ አዳራሽ ውስጥ ለተወሰነ ሰዓት አንብቦ ይመልሳል። አንድ ቅጂ በቀን ብዙ እጅ ይዞራል። ፈተና ሲቃረብ ወንበር ለመያዝ በጠዋት መሰለፍ፣ በተማሪው አነጋገር እስከ ምሽት “መቸከል”፣ ከዚህ አሠራር ጋር አብሮ ያደገ ልማድ ነው። ወደ ቤት የሚሰጠው ውሰትም ጥብቅ ነው፤ ተመራቂ ተማሪ የክሊራንስ ወረቀቱ ላይ የቤተ መጻሕፍቱን ማኅተም ካላስመታ ማስረጃውን ይዞ ከግቢ አይወጣም።

ብዙም ሳይቆይ ሁለተኛ ሥራ ተጨመረ፤ ስለ አገሪቱ የተጻፈውን ሁሉ በአንድ ቦታ መሰብሰብ። የኮሌጁ የቤተ መጻሕፍት ኃላፊ የነበሩት ፖላንዳዊው ስታኒስላው ሆይናትስኪ ስለ ኢትዮጵያ የታተሙ ጽሑፎችን ለይተው ማሰባሰብ ያዙ። እ.ኤ.አ. በ1951 የኮሌጁ ተማሪዎች የብሔረሰብ ጥናት ማኅበር አቋቋሙ። አባላቱ ያደጉበትን አካባቢ ወግና ልማድ እየመዘገቡ በማኅበሩ መጽሔት ያወጡ ነበር፤ የሰበሰቧቸውም ቁሳቁሶች በዚያው ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ለትንሽ ሙዚየም መነሻ ሆኑ።

የታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ ከከሸፈ በኋላ፣ ንጉሠ ነገሥቱ ታጋቾች የተገደሉበትን የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ለትምህርት ሰጡ። በ1954 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ሲመሠረት እንደ አለማያ የእርሻ ኮሌጅና እንደ ጎንደር የጤና ኮሌጅ ያሉ ቀድሞ የተከፈቱ ተቋማት በሥሩ ስለተጠቃለሉ፣ አንድ ቤተ መጻሕፍት የነበረው አገልግሎት ማዕከልና ቅርንጫፍ ያለው ሆነ። በ1955 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም በሪቻርድ ፓንክረስት ዳይሬክተርነት ሥራውን ጀመረ። የሆይናትስኪ ስብስብና ሙዚየሙም ወደ ቤተ መንግሥቱ ተዛወሩ። ከዚህ በኋላ ሁለቱ ሥራዎች ሁለት ቤት አገኙ። አገር ነክ ጽሑፎችና የብራና መጻሕፍት በተቋሙ፣ የመማሪያ መጻሕፍት ደግሞ በዋናው ቤተ መጻሕፍት ተቀመጡ። ቀደም ሲል በወመዘክር ይሠሩ የነበሩት ሪታ ፓንክረስት የዩኒቨርሲቲውን ቤተ መጻሕፍት መምራት የጀመሩት እ.ኤ.አ. በ1964 ነው። በአሜሪካ መንግሥት ርዳታ ስድስት ኪሎ ላይ የተሠራውና በፕሬዚዳንት ጆን ኤፍ ኬኔዲ ስም የተጠራው ሕንፃም አገልግሎት የጀመረው በሪታ ፓንክረስት ዘመን ነው፤ ተማሪው በአጭሩ “ኬኔዲ” ይለዋል።

አንባቢ የማያየው፣ ግን መጽሐፉን ለማግኘት የሚመካበት አገልግሎት ካታሎግ ነው። የውጭው አሠራር ደራሲን በቤተሰብ ስም ይመድባል፤ ኢትዮጵያዊ ግን የቤተሰብ ስም የለውም። ደራሲን በሁለተኛ ስሙ ሥር ማስገባት በአባቱ ስም እንደ መጥራት ነው። ስለዚህ በካርድ ካታሎጉ ደራሲው በራሱ ስም ይመዘገብ ነበር፤ ዓለም አቀፍ የካታሎግ ደንቦችም ይህንኑ ተቀብለዋል። ፊደሉም የራሱ ጣጣ አለው። “ኃይሉ” የሚለው ስም በሀ፣ በሐ ወይም በኀ ሊጻፍ ይችላል። ሀ በገበታው መጀመሪያ፣ ሐ በሦስተኛው መስመር፣ ኀ ደግሞ ከቸ በኋላ ስለሚገኙ፣ አንድ ደራሲ በሦስት የካርድ መሳቢያ ሊበተን ይችል ነበር። የኅትመት ዓመቱም ቢሆን እንዲሁ ይጣራል። ሽፋኑ ላይ 1954 ዓ.ም. ያለ መጽሐፍ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር እ.ኤ.አ. በ1961 ወይም በ1962 የወጣ ሊሆን ይችላል፤ ቁርጡን የሚያውቀው ወሩን ያየ ብቻ ነው።

ከ1966ቱ አብዮት በኋላ ተማሪው ለእድገት በኅብረት ዘመቻ ሲሰማራ መደበኛው ትምህርት ተቋረጠ፤ ዩኒቨርሲቲውም የአዲስ አበባን ስም ያዘ። እ.ኤ.አ. በ1978 የድኅረ ምረቃ ትምህርት ሲከፈት የአገልግሎቱ ሚዛን ወደ ምርምር አደላ። ተማሪ አንባቢ ብቻ መሆኑ ቀርቶ ለቤተ መጻሕፍቱ ጽሑፍ አቅራቢም ሆነ። በኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ከሚገኙት ጽሑፎች መካከል የታሪክ ክፍል ተማሪዎች የመመረቂያ ጥናቶች ይጠቀሳሉ። ብዙዎቹ ከሽማግሌዎች ቃል በተቀዳ መረጃ የተሠሩ በመሆናቸው፣ ስለ አንድ አውራጃ ወይም ከተማ ሌላ የተጻፈ ነገር ሲታጣ ተመራማሪ የሚደገፍባቸው እነርሱ ናቸው።

ኮምፒውተር ሲመጣ እጥረቱን የማብቃቃት ሥራ መልኩን ለወጠ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2002 የጀመረው ሂናሪ የተባለው መርሐ ግብር ዝቅተኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ለሚገኙ ተቋማት የሕክምና መጽሔቶችን በነፃ ከፈተ፤ ኢትዮጵያም ከተጠቃሚዎቹ አንዷ ናት። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የድኅረ ምረቃ ጥናቶችም በኢንተርኔት ማከማቻ ተቀምጠዋል፤ ቀድሞ ስድስት ኪሎ ድረስ ሄዶ ይነበብ የነበረውን አሁን መቀሌ ወይም ጅማ ያለ መምህር ካለበት ሆኖ ያነበዋል። ካርድ ካታሎግ የፈታው አንድ ነገር ግን ከኮምፒውተሩ ጋር ተመልሶ መጥቷል። ሶፍትዌሮቹ በውጭ አገር የተሠሩ በመሆናቸው የቤተሰብ ስም ይጠይቃሉ፤ እዚያ ቦታ ላይ የሚገባው የአባት ስም ነው፤ የጥናቱ ባለቤትም እንደገና በአባቱ ስም ይፈለጋል።